ስመኝን የሚያሳክካት

የሠልስቱ ዕለት ለቀስተኛው ተበትኖ፣ የእድሩ ሰዎች ድንኳናቸውን ነቅለው ሲሄዱ፣ ባንቺአምላክ እንደማንኛዋም የቤት እመቤት መጥረጊያዋን አነሳች። ሰው ቤት ሞልቶ ሲሰነብት ትቶት የሚሄደው ነገር አይጠፋም። አንዱ ጥግ የተረሳ መቁጠሪያ፣ ሌላው ጥግ ጓደኛው የጠፋበት ጫማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መኝታ ተብሎ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ጭድ። ጭዱን አቅፋ ወደ ጓሮ ስታወጣ ክንዷ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ዘለለ፤ ቀጥሎ ሌላ። ጎንበስ ብላ እግሯን ብታይ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ኑግ የተበተነባት ይመስላል።

ቁንጫ በደብረ ታቦር ብርቅ አይደለም። ብርዱ ሰውንና እንስሳን አንድ ጣሪያ ሥር ሲያስተኛ ቁንጫም የድርሻውን ይኖራል። ጎረቤቷ እትዬ ጥሩወርቅ ነገሩ የራሳቸው ቤት ሲሆን “ቁንጫና እንግዳ የማይገባበት ቤት የለም” ይላሉ፤ የሰው ቤት ሲሆን ግን ሌላ አፍ አላቸው። ያን ቀን በር ላይ ቆመው ቀሚሳቸውን እያራገፉ ጣታቸውን ድመቷ ላይ ቀሰሩ።

“አንቺ ልጅ፣ ይቺን ድመት አንድ ነገር አድርጊያት እንጂ! በሽተኛ ላይ ተኝታ ሰንብታ ይኸው ቤቱን አስወረረችው።”

“የስመኝ ናት እኮ፣ እትዬ።”

“ምን አልሽ?” አሉ፤ ሁለት ጊዜ ካልነገሯቸው አይሰሙም። ባንቺአምላክ ግን ያንን ስም ሁለት ጊዜ ለመጥራት አቅም አልነበራትም።

ልጇ ስመኝ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትኩሳቱ ከጣላት ጀምሮ ቡላ፣ ድመቷ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥታ አታውቅም። በሰባተኛው ሌሊት ዶሮ ሲጮህ ትኩሳቱ ድንገት ለቀቃት፤ ባንቺአምላክ “ተመስገን!” ብላ ስታቅፋት ልጅቱ አትንቀሳቀስም። እትዬ ጥሩወርቅ ተጠርተው መጡ፣ ጆሯቸውን ደረቷ ላይ አሳርፈው ቆዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አባቷ ታከለ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያኔ መተማ መንገድ ላይ ነበር፣ ስልኩ አይገባም። የእድሩ ዳኛ “አባትየው ይድረስ፣ አስከሬኑ ይደር” ብለው ነበር። እንቢ ያለችው ባንቺአምላክ ናት። ሰባት ሌሊት ያስታመመቻትን ልጅ ሣጥን ውስጥ አስተኝታ ስምንተኛውን ሌሊት ማንጋት አልሆነላትም። “ዛሬውኑ ትረፍልኝ” ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ በዘጠኝ ሰዓት መድኃኔዓለም ተቀበረች። ታከለ በማግስቱ ደርሶ ያገኘው አፈር ነው። አልጮኸም፣ አልሰደባትም። “ፊቷን እንኳን?” አለ አንዴ፤ ሠልስቱ እንዳለቀም ሚስቱን ቀና ብሎ ሳያይ ወደ መኪናው ተመለሰ። ቢመታት ይሻላት ነበር።

በዚያው በሠልስቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ጭር ባለበት፣ መደብ ላይ ጋደም ብላ ሳለች ከልጇ ክፍል የማከክ ድምፅ ሰማች። ጫር፣ ጫር፣ ጫር። ጫር፣ ጫር፣ ጫር። ዓይኗን ሳትገልጥ “ተይ፣ ቡላ” አለች። ድምፁ እንደመቆም አለና እንደገና ቀጠለ፤ የሚበላው ቦታ አልደርስ ብሎት እንደሚቸኩል ሰው የጥድፊያ ማከክ ነበር። “ተይ አልኩ እኮ!” ብላ እግሯን ብታነሳ፣ እግሯ ላይ የከበዳት ነገር ቡላ ነበረች፤ ጥቅልል ብላ ተኝታለች።

ባንቺአምላክ ተነስታ የክፍሉን መጋረጃ ገለጠች። መስኮቱ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አልተከፈተም፤ ለትኩሳቱ የታጠነችው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ከልጅ ላብ ጋር ተቀላቅሎ እዚያው ታፍኗል። የብረት አልጋው፣ ከእንጨት ምሰሶው የተሰቀለው የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የተገፈፈው ብርድ ልብስ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። አንድ እርምጃ ስትገባ ቁንጫው ከፍራሹ ላይ እየተፈናጠረ ወደ እግሯ መጣ። ድምፁ ግን ቆሟል። ነፍስ እስከ ዐርባ ቀን ከቤቷ አትርቅም ሲሉ ሰምታ ታውቃለች፤ እናም እዚያው በቆመችበት፣ ሌላ ሴት ብትሆን በምትሮጥበት ቦታ፣ የባንቺአምላክ አንጀት ቅጥል አለ። ልጄን አሁንም እየበላት ነው፣ አለች በልቧ። አጣድፌ ቀበርኳት፣ ከአባቷ ነጠልኳት፤ ከዚህ መከራ እንኳ ሳልገላግላት!

በማግስቱ ቡላን ዘንቢል ውስጥ አድርጋ የእንስሳት ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ያሉት አቶ ሙላቴ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ዕድሜያቸውን በበሬና በበቅሎ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ከተማው መርፌ የያዘን ሁሉ “ዶክተር” ስለሚል እሳቸውንም ዶክተር ይላቸዋል። በዘንቢል የመጣች ድመት ሲያዩ ሊስቁ ነበር። ጥቁር ልብሷንና የተላጨ ራሷን ሲያዩ ግን ሣቃቸውን ዋጥ አደረጉት።

“እታለም፣ ድመቷን ብቻ ብታክሚ ድካም ነው” አሏት። “ድመቷ ላይ የምታዪው ጥቂቱን ነው፤ ብዙው ያለው ወለሉና ፍራሹ ውስጥ ነው። ድመቷን በቅማል ማበጠሪያ አበጥሪያት፣ ያወጣሽውን ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ንከሪው። ልብሱን ቀቅይ፣ የገለባውን ፍራሽ አቃጥይ። ወለሉ አፈር ነው?”

“አፈር ነው።”

“ስንጥቁን ጠርገሽ በእበት ድፈኚው። አንድ ክፍል እንዳታስቀሪ። እንቁላሉ ስለሚፈለፈል በሳምንቱ እኔው መጥቼ አየዋለሁ።”

አንድ ክፍል እንዳታስቀሪ ያሏት ነገር መንገዱን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። የስመኝ ክፍል ወለል ላይ፣ ከአልጋው ግርጌ፣ የስመኝ ተረከዝ አለ። የዛሬ ዓመት ለፋሲካ ስትለቀልቅ ልጅቱ እርጥቡን ወለል ረግጣ አበላሽታባት፣ ተቆጥታት፣ ከዚያ ሣቃቸው መጥቶ እንዳለ ተውት።

ቡላን ስታበጥራት ድመቷ አልቧጠጠችም። ቁንጫው በማበጠሪያው ጥርስ መሀል እየተንፈራገጠ ይወጣል፤ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ሲገባ ከሥሩ ቀይ ነገር እየሟሟ ውሃውን ያቀልመዋል። ደም ነው። የድመቷ ነው፣ የኔ ነው፣ የልጄም ይኖርበታል፣ አለች ባንቺአምላክ፤ እናም ያንን ቆሻሻ ውሃ መድፋት አቅቷት ሳህኑን ይዛ ግቢው መሀል ብዙ ቆመች። ሞኝነቷ ገብቷታል፤ ቢሆንም አቃታት። በመጨረሻ ስመኝ የተከለችው ኮክ ሥር ደፋችው።

በዘጠኝ ሰዓት ድምፁ መጣ። አሁን መጋረጃው ሥር ተቀምጣ ነበር፤ በደንብ ሰማችው። የሁለት እጅ ነው። ጨርቅ ወይም ቆዳ ሲታከክ የሚወጣው ድምፅም አይደለም፤ ደረቅ ነው፣ ጥፍር ያልተላገ ጣውላ ላይ ሲሄድ የሚሰማ ዓይነት ነው። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ጣውላ የሚባል ነገር የለም፤ አልጋው ብረት፣ ወለሉ አፈር፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። ያ ነገር ትንሽ ከነከናት። ግን የተያዘችበት ሥራ ስላለ ብዙ አላሰበችበትም፤ ብረት ድስቱን ጥዳ አንሶላውን መቀቀል ጀመረች።

እንዲህ እያለች ቀኑን ሁሉ ትሠራለች፤ በዘጠኝ ሰዓት ግን እጇን ታጥባ መጋረጃው ሥር ትቀመጣለች። ፍራሹን ባቃጠለች ዕለት ድምፁ እንደ በፊቱ አልተጣደፈም፤ ያክካል፣ ያርፋል፣ ያክካል። መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ አለች። ደስ አላት፤ ከቀብሩ ወዲህ ደስ ያላት ያን ቀን ነው። “አይዞሽ የኔ እናት” አለች በመጋረጃው በኩል፣ ልጅቱ ሕያው ሳለች ስታባብላት በነበረው ድምፅ። “ትንሽ ነው የቀረው። አይዞሽ፣ እናትሽ አለሁልሽ።” ድምፁ ይህን ሲሰማ ፀጥ አለ፤ ከዚያ በኃይል ጀመረ፣ በኃይል፣ ቡጢም ያለበት መሰላት፤ ወዲያውም ደከመ። ባንቺአምላክ ልጄ ሰማችኝ ብላ አለቀሰች።

ቡላ ግን ወደዚያ ክፍል ድርሽ አትልም። ጸጉሯ ጸድቶ፣ ማከኳን ትታ፣ በዚያው ሰዓት አጥሩ ላይ ትወጣና ጆሮዋን አቁማ ወደ መድኃኔዓለም ባሕር ዛፎች አፍጥጣ ትቀመጣለች። ብትጠራትም አትወርድም። ድምፁ ሲያልቅ ወርዳ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ምግቧን ትጠይቃለች።

ወለሉን ቀኑን እየቆጠረች ስታስተላልፍ ከርማ ከቀብሩ በስምንተኛው ቀን ጀመረችው። የግራዋ ቅጠል ወቅጣ ከእበቱ ጋር አቦካች፤ ከበሩ ጀምራ ወደ አልጋው በእጇ እየለቀለቀች ሄደች። ተረከዙ ጋ ስትደርስ መዳፏን አሳረፈችበት። ጠባብ ነው፣ እፍኟን አይሞላም። ተንበርክካ በግንባሯ ነካችው፣ ሳመችው፣ የእበቱና የአፈሩ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። “ላንቺ ብዬ ነው” አለች፤ ዓይኗን ጨፍና ደፈነችው። ያን ቀን ድምፁ ሦስት ጊዜ ብቻ መጣ፤ በመሀሉ ረጅም ዝምታ ነበር። በማግስቱ ሁለቴ መጣ። በዐሥረኛው ቀን፣ እንጃ፣ አንዴ ነው። የጣት ጫፍ ተጎትታ ያለቀችበት ዓይነት ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን መጋረጃው ሥር ተቀምጣ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጠበቀች። ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል፤ ዶሮ ጓሮ ይጭራል፤ ከክፍሉ የሚመጣው የደረቀ እበት ደግ ሽታ ብቻ ነው። ምንም የለም። አጥሩ ላይም ድመት የለችም፤ ቡላ ምድጃው ዳር ተኝታለች። ባንቺአምላክ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ አመሰገነችም። ከዚያ ስልኳን አንስታ ከሠልስቱ ወዲህ ያልደወለችለትን ባሏን ጠራችው።

“ታከለ፣ ቤቱን አጸዳሁት። ልጃችን አረፈች።” የመኪናው ሞተር ብቻ ይሰማታል።

“ደግ አደረግሽ፣ ባንቺ” አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። “ነገ ለዐሥራ ሁለቷ እደርሳለሁ።”

በዐሥራ ሁለቷ ቀን ጠዋት፣ ታከለ ሳይደርስ፣ አቶ ሙላቴ እንደ ቃላቸው መጡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጭ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበው፣ ቁንጫ ካለ ነጭ ላይ ይታያል ብለው፣ እንደሚጨፍር ሽማግሌ እየረገጡ ክፍሎቹን ዞሩ። ባንቺአምላክ ሳታስበው ፈገግ አለች። የስመኝን ክፍል ሁለቴ ተመላለሱበት፤ ካልሲው እንደ ነጣ ወጣ።

“አንድ ለመድኃኒት የለም! እኔም ቤት መጥተሽ ብታጸጂልኝ ምን ነበረበት” አሉ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እያጠለቁ።

እሷ ግን ሌሊቱን ስታወጣው ስታወርደው ያደረችው ጥያቄ ነበራት። ፊታቸው ተንበረከከች።

“ዶክተር፣ አይሣቁብኝ። ልጄ ከዚች ድመት ጋር ነበር የምትተኛው። ቁንጫው አብሯት መቃብር ወርዶ ይሆን? እዚያ ሆኖ... እየበላት ይሆን?”

አቶ ሙላቴ አልሣቁም። የጫማቸውን ክር ትተው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ፤ እሳቸውም ልጅ የቀበሩ ሰው ናቸው።

“በፍጹም፣ እታለም። ይኸንንስ በዚህ ሁሉ ዘመኔ አይቼዋለሁ። ቁንጫ የሞቀ ደም ነው የሚፈልገው፤ የሞተ ነገር ላይ አያድርም። በሬም ይሁን ሰው፣ ነፍስ ወጥታ ገላው ሲቀዘቅዝ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሳይቀር ጥሎ ይሄዳል። ሌሊት ያረፈች ልጅ ናት፤ ሣጥን ስትገባ አንድም አልነበረባትም። ንጹሕ ሆና ነው የሄደችው።”

“ንጹሕ ሆና” አለች ባንቺአምላክ።

“ንጹሕ ሆና። አንዲት ቁንጫ እንኳ አልነከሰቻትም፤ በዚህ እንኳ ልብሽ ይረፍ።”

ልቧ አረፈ፤ የሰውየውን እጅ ስማ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው፤ ከርቀት የታከለን መኪና ጡሩምባ ሰምታ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ መንገዱ ልትሮጥ አንድ እግሯን እንዳነሳች፣ በቀብሩ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሣጥኑ በምስማር ሊመታ ሲል ለመጨረሻ ጊዜ ልትስማት ጎንበስ ብላ፣ ከልጇ አንገት ላይ ተጣብቃ የምትጠባ ቁንጫ በጥፍሯ ነቅላ መጣሏ ትዝ አላት።