የካራው ቁልቁለት

ኢንስፔክተር ፀሐይነሽ ከካራ ቁልቁለት ግርጌ ስትደርስ፣ ጋዲሳ ከተላተመበት የቆመ ገልባጭ መኪና ኋላ ነጠላ ጣል ተደርጎበት ተኝቷል። ከጓደኛው ከአቢ ጋር እስከ ጅቡቲ ባሕር በሳይክል ሄዶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ አልፎ ሲመለስ፣ አዲስ አበባ፣ ላምበረት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው የሞተው።

ሳይክሉ ላይ አጎነበሰች። የፊትም የኋላም የፍሬን ሽቦ ሾልኮ ወጥቷል። ሽቦውን የሚይዙት ቡሎኖች አልተሰበሩም፤ ላልተዋል። ጠርዛቸውን ፒንሳ ነክሶታል። ፍሬኑን ቀስ ብሎ ለያዘ ይይዛል፤ አጥብቆ ለጨበጠ ግን ይከዳል። መሪው በቀይ ፕላስተር ተጠቅልሏል። መቀመጫውንም አየች፤ ከፍ ያለ ነው። ጋዲሳ አጭር ሰው ነበር።

አባቱ አቶ ሆርዶፋ አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው ራሳቸውን ይዘዋል።

«ልጄን እዚያ ላይ ምን አወጣው? እዚያ ላይ ማን አወጣው?»

የተሰበሰቡት ሰዎች ቀና ብለው ዳገቱን እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ።

በማግስቱ ገርጂ፣ የሆርዶፋ ደጅ ላይ ድንኳን ተጣለ። ድሮ ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ፎቅ እየበቀለበት ነው፤ እሳቸውም የዚያው ፎቅ ዘበኛ ሆነዋል። ፀሐይነሽ መጀመሪያ ያነጋገረችው ሳይክለኞቹን በመኪና ሲከተል የነበረውን መካኒክ ኃይለኪሮስን ነው።

«ለገጣፎ ላይ ቤተሰቡ ዘመድ ቤት ምሳ ይዞ ጠበቀን» አላት። «ሳይክሎቹን ከቤቱ ጀርባ ግንብ አስደግፈን በላን።»

«ከመካከላችሁ ማን ወጣ?»

«አባትየው እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተዋል። እኔም ውሃ ላመጣ ወደ መኪናዬ ሄጄ ነበር። የጋዲሳ ሚስት ቢሊሴ ምሳውን ስታቀርብ እዚያው ነበረች።»

«አንተ ቡሎን በፒንሳ ትፈታለህ?»

«በፒንሳማ ቡሎኑ ይበላል! ቁልፍ እያለኝ?»

ቢሊሴ በለቅሶ ድምጿ ተዘግቷል።

«ባልሽን የሚጠላው ሰው ነበር?»

«ጋዲሳን ማን ይጠላል? ይህ ቤት የሚጠላው አቢን ነው፤ እኔም ጭምር። አምና የጋዲሳን ታናሽ፣ ጃለታን፣ ይዞት ሄዶ ባሕር በላው። ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ጋዲሳ ዘንድሮ የሄደው ቦታውን በዓይኑ ሊያይ ነው።»

ረጅሙ አቢ ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ከድንኳኑ ውጪ ለብቻው ቆሟል።

«ጋዲሳ የሞተበት ሳይክል የማን ነው?» አለችው። «መቀመጫው በአንተ እግር ነው የተለካው።»

«የኔ ነው» አለ እንባው እየቀደመው። «ደብረ ብርሃን ላይ ወድቄ እጄ አብጦ ነበር። ካራ አናት ላይ ስንደርስ ‹የኔ ፍሬን ለስላሳ ነው፤ በአንድ እጅም ይይዝልሃል፤ እንቀያየር› አለኝ። እምቢ ስለው ጎትቶ አወረደኝ። ይህን ብናገር ገዳዩ እኔ የምባል መስሎኝ ኃይለኪሮስንም ዝም በል አልኩት።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጓዳ ሰብስባ በሩን ዘጋች።

«ቡሎኑን ያላላው ሰው፣ ሳይክሎቹ እንደሚቀያየሩ አያውቅም» አለች። «ያሰበው አቢን እንጂ ጋዲሳን አልነበረም። አቢ ራሱ አይደለም፤ በዚያ እጁ ማንኪያ እንኳ አይይዝም። እንቀያየር ያለውም ሟቹ ነው፤ ኃይለኪሮስ ከመኪናው ሆኖ አይቷል፣ አሁን አምኗል። ኃይለኪሮስ ቢሆን በቁልፍ ይፈታው ነበር፤ መቀያየሩን እያየም ዝም አይልም። ቢሊሴ ከማዕዱ አልራቀችም።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባባ፣ ትናንት ‹እዚያ ላይ ምን አወጣው› ሲሉ ዳገቱን መስሎን ነበር። ሳይክሉን ነበር የሚሉት። መሪው ላይ ያለውን የአቢን ቀይ ፕላስተር ሲያዩ ዐወቁት። ታዲያ ለኛ ለምን አልነገሩንም?»

ሆርዶፋ ከካፖርታቸው ኪስ ፒንሳ አውጥተው መሬት ላይ አኖሩ።

«አጥር የማስርበት ነው» አሉ። «መሬቴን ሲወስዱት ቻልኩ። ጃለታንም እችለው ነበር። ምሳ ላይ ግን ይሄ ልጅ ሲስቅ ሰማሁት። ልጄን ባሕር ጥሎ መጥቶ፣ ከፊቴ ተቀምጦ ሲስቅ!»

«ጋዲሳ ነው ያሳቀኝ» አለ አቢ ቀና ሳይል። «ከአምና ወዲህ ስቄ አላውቅም ነበር። ባሕሩ ዳር ‹ጥፋቱ ያንተ አይደለም› አለኝ። ‹ቤት ስንገባ ለአባቴም እነግረዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

ቢሊሴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንድም ሰው አላለቀሰም።

ፀሐይነሽ የሽማግሌውን ክንድ ይዛ ወጣች። መኪናዋ ያለው ከድንኳኑ ማዶ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ሁለቱ ብቅ ሲሉ ለቀስተኛው ሁሉ ብድግ አለ።

«እግዜር ያጥናህ፣ ሆርዶፋ» አሉ አንድ አዛውንት፣ እጃቸውን ጨብጠው። «የቀሩትን ይጠብቅልህ።»

«አሜን» አሉ ሆርዶፋ።

ከኋላ ያሉትም ተራ በተራ ቀረቡ። ፀሐይነሽ ክንዳቸውን ለቀቀች፤ ሁሉም አጽናንተው እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች።