በሰው አፍ የሄደ ቃል

በፍራሽ ፋብሪካው ውስጥ የሕግ ክፍል ኃላፊዋን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ውል ፊቷ በቀረበ ቁጥር «ቆይ እስቲ» ሳትል ስለማትጀምር «ወይዘሪት ቆይ» እንደተባለች ቀረች። እሷም ለምዳዋለች፤ በዚያ ፋብሪካ ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው ሞልተዋል።

ተጠሪነቷ ለፋይናንስ ኃላፊው ነበር። ሕግንና ሒሳብን ምን እንዳገናኛቸው የሚያውቅ አልነበረም፤ ፋብሪካው ትንሽ ሳለ እንዲያ ተደርጎ እንዲያው ቀረ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ረጅም ነገር ማንበብ አይወዱም። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ጠዋት እሷ ሐሳቧን ለፋይናንስ ኃላፊው ትነግረዋለች፤ እሱ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ ለሥራ አስኪያጁ ይነግራል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሷ ቃል ግን ገና ሌላ አፍ ይቀረው ነበር።

እሷ ግን ሰኞን ወደደችው። እሱ ሲያዳምጣት እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ ዓይኑን ከፊቷ አይነቅልም። ስትጨርስ ሁለቱም ትንሽ ዝም ይላሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ስለ ውል የሚያስብ አልነበረም። ሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፣ ለብቻቸው ሲሆኑ «አንተ»። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላቸው አልተነገረም።

እናቷ «ያ ሰውዬ አፍ የለውም እንዴ?» እያሉ ይነዘንዟታል። አለቃዋ መሆኑን፣ እሺ ብትለው ለዕድገት ብላ ነው እንደሚሏት፣ እምቢ ብትለው ደግሞ በምን ፊት አብራው እንደምትሠራ ግራ እንደሚገባት ትነግራቸዋለች። እናቷ ይህን ሁሉ ሰምተው ያንኑ ጥያቄ ይደግማሉ።

የመጋዘኑ ጉዳይ የመጣው በዚህ መሀል ነው። አንድ ወንድምና እህት በፍርድ ቤት የሚካሰሱበትን መጋዘን ወንድምየው ብቻውን በርካሽ ላከራያችሁ ብሎ መጣ። ወይዘሪት ቆይ እህቲቱ ካልፈረመች አይፈረም አለች። ፋይናንስ ኃላፊው «ገባኝ» ብሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ፍራሽ የጫኑ መኪኖች ወደ መጋዘኑ ሲሄዱ አየች። ሥራ አስኪያጁ ምክሬን ሰምተው አልተቀበሉትም፣ መወሰን የሳቸው ነው ብላ ዝም አለች።

በእህቲቱ አቤቱታ ፍርድ ቤቱ መጋዘኑን አሸገው። ፍራሾቹ ማንም ሳይተኛባቸው ተኝተው ቀሩ። ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ ሲያገኟት አስቆሟት።

«አንቺ እኮ ያስኬዳል ብለሽ ነበር» አሏት።

ክው አለች። በቀጥታ ወደ ፋይናንስ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ምን ብለው ነበር የነገሯቸው?»

ለብቻቸው ሆነው «እርስዎ» ስትለው ነገሩ ገባው። አንገቱን ደፋ።

«ትንሽ ስጋት አላት፣ ግን ያስኬዳል ብላለች አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ካንቺ በፊት የነበረው ሰውዬ አይሆንም እያለ ነው የተባረረው። ጥርሳቸው ውስጥ እንዳትገቢ ፈራሁ። ግማሹ እሱ ነው። ግማሹ ኪራዩ ስለረከሰ ነው።»

ሁለተኛውን ግማሽ ባይነግራት ኖሮ ይቅር ማለቱ ይቀላት ነበር። ግን ደብቋት በኋላ ብትደርስበት መቼም አታምነውም ነበር። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቦርዱ ሲሰበሰብ ሰብሳቢዋ፣ ፊታቸው የማይፈታ አዛውንት፣ ይህን ውል ማን እንዳሳለፈው ጠየቁ። የሁሉም ዓይን ወይዘሪት ቆይ ላይ አረፈ። እንጀራዋ በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አፏን ሳትከፍት ፋይናንስ ኃላፊው ተነሣ።

«እሷ አይፈረም ብላለች። ቃሏን ያለዘብኩት እኔ ነኝ» አለ። «ወጪ ለመቀነስ የተቀመጠ ሰው የሕግ ባለሙያ አፍ መሆን የለበትም። ከእኔ ሥር ትውጣ።»

ጥፋቱን መውሰዱ አንጀቷን በላው። «ከእኔ ሥር ትውጣ» የሚለው ግን ወጋት፤ ሊገላገለኝ ነው ብላ አሰበች።

ሰብሳቢዋ ለማን ተጠሪ መሆን እንደምትፈልግ ጠየቋት።

«ለዋና ሥራ አስኪያጁ። ሐሳቤን ራሴ ገብቼ ልንገራቸው» አለች። «የሳቸው የራሳቸው ሥራ ያሰጋኝ ቀን ደግሞ ማንንም ሳላስፈቅድ ወደ እናንተ ልምጣ።»

ሥራ አስኪያጁ አልተቃወሙም። እንዳለችው ተወሰነ። ለፋይናንስ ኃላፊውም ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

በቀጣዩ ሰኞ ከላይኛው ፎቅ ስትወርድ ቢሮዋ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«የሥራ ጉዳይ ነው?» አለችው።

«ከእንግዲህ እንዲያ ያለ ጉዳይ የለንም። አለቃሽ ሆኜ ብጠይቅሽ እምቢ ለማለት ትቸገሪ ነበር። አሁን ትችያለሽ። ታገቢኛለሽ?»

«ከእኔ ሥር ትውጣ ያልከው ለዚህ ነው?»

«ግማሹ። ግማሹ ትክክል ስለሆነ ነው።»

ከመጋዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሱ «ቆይ እስቲ» እስክትለው ይጠብቃል፤ እሷ ግን ስልኳን አወጣች። እናቷ ጋ እንደምትደውል ሲገባው፣ ሽማግሌ ልኮ በወጉ እንደሚያስነግር ሊናገር ጀመረ።

«ይሄኛው ቃል በሰው በኩል አይሄድም» አለችው።

እናቷ ስልኩን አነሡ።

«እማዬ፣ ያ አፍ የለውም የምትዪው ሰውዬ ተናገረ» አለች ዓይን ዓይኑን እያየች። «እሺ ብዬዋለሁ።»

እሱም መልሱን የሰማው ከእናቷ እኩል ነበር።