ምንም የማይሸተው ብርጭቆ

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። እኔም እዚያው ሳሎን ቁጭ ብዬ ባላየው ኖሮ "ወሬ ነው" ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል።

ታናሽ እህቴ ጠዋት ከአንድ መሐንዲስ ጋር ተፈራርማ ተጋብታለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ሩቁ የሥራ ቦታው ይዟት ሊሄድ ነው።

አባዬ ሠላሳ ዓመት ሆቴል ባር ውስጥ መጠጥ ቀድቷል። እህቴ በተወለደች ሳምንት አንድ የሆቴሉ እንግዳ ቡርቦን የሚባል የአሜሪካ ውስኪ ሰጠው። ዛሬ ተፈልጎ የማይገኝ ነው አሉ። "እሷ እስክትዳር ማንም እንዳይነካው" ብሎ ቆልፎበት ኖሯል።

ዛሬ ከፈተውና አባዬ፣ እህቴ፣ መሐንዲሱና እኔ፣ አራታችን ቀመስነው። ጉሮሮን ለብለብ አድርጎ ይወርድና የተቃጠለ ስኳር ጣዕም አፍ ላይ ይቀራል። አባዬ እንባው መጣ።

ከዚያ የድሮ ጨዋታውን አመጣ። ባር ሳለ ባዶ ብርጭቆ አሽትቶ ማን እንደጠጣበት ይናገር ነበር። ተሳስቶ አያውቅም። ጀርባውን ሰጠን፣ እኔ አንድ በአንድ አቀበልኩት።

"ይሄ ያንቺ ነው፣ ቅርንፉድ አኝከሻል" አለኝ። እውነትም ጥርሴን አሞኝ አኝኬ ነበርና ሳቅን። የእህቴን በከንፈር ቀለሟ ለየው። የራሱንም "ይሄ የሽማግሌ መድኃኒት ነው" ብሎ ገፋው።

አራተኛውን አሸተተ...

ደግሞ አሸተተ...

"በዚህ ማንም አልጠጣም።"

ኧረ እኔው ነኝ የቀዳሁለት። መሐንዲሱ እስከ ጠብታው ሲጨልጠው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

"አባባ፣ አፍንጫዎ ደክሞት ይሆናል" አለ መሐንዲሱ፣ ፈገግ ብሎ።

አባዬ አልሳቀም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ከቁም ሳጥን የወጣ ብርጭቆ እንኳ የጨርቅ ሽታ አለው... ይሄ የውስኪም የለው፣ የሰውም የለው። ልጄ፣ አትሂጂ በያት።"

ተነስቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። እህቴ መኝታ ቤት ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር። ምን ብዬ ልጀምር? በሠርጓ ቀን ሟርተኛ መሆን ማን ይወዳል?

"ትንፋሹ ምን ይሸታል?" አልኳት በሹክሹክታ።

"አብደሻል?"

"ንገሪኝ ብቻ።"

የቀድሞ ፍቅረኛዋ ሲጋራ ከአፉ አይለይም ነበር። ትንሽ አሰበችና ሳቀች።

"ምንም። ለዚያ እኮ ነው የወደድኩት።"

ሻንጣውን ይዤ ለመንኳት። ዛሬን ብቻ እደሪ አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ቀንተሽብኝ ነው ብላ ከእጄ መነጨቀችው።

አባዬ መንገድ ሊዘጋባቸው በሩ ላይ ቆመ። መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ በትህትና ጉንጩን ሳመው... አባዬም እንደደነዘዘ ሰው ዞር አለላቸው።

በዝናቡ ተከትያቸው ሮጥኩ። መኪናው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዘግተዋል። ሁለቱም ያወራሉ፣ ሁለቱም ይስቃሉ።

በእሷ በኩል ያለው መስታወት በትንፋሿ ጉም ለብሷል።

በእሱ በኩል ያለው ጥርት ያለ ነው። የሸሚዙን ቁልፎች መቁጠር ይቻላል።

መስታወቱን ደበደብኩ። በእጇ ጉሙን ጠረግ አድርጋ ቻው አለችኝ፤ ጉሙ ወዲያው ተመልሶ ሸፈናት። መኪናው ቀስ እያለ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። አብሬ ሮጥኩ፣ ስሟን እየጠራሁ...

ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

የእሷም መስታወት ከታች ጀምሮ እየጠራ መጣ።

እህቴ ግን አሁንም እያወራች፣ አሁንም እየሳቀች ነበር።