ፀሐይን ያስጨፈሩ እግሮች

በመጀመሪያ ስለ ትርሲት እግሮች ልንገራችሁ። እነዚህ እግሮች አደብ አያውቁም።

ቁርስ ላይ፣ ቱክ ቱክ! መኪና ውስጥ፣ ቱክ ቱክ!

ዛሬ ትርሲትና አባቷ ተራራ ወጡ። ተራራው አናት ላይ የፀሐይ መመልከቻ ቤት አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁሉም ሰው ክፍት ነው።

ወለሉ ጣውላ ነው። መሐሉ ላይ ትልቅ ቴሌስኮፕ ቆሟል።

የቤቱ ኃላፊ እትዬ አልጋነሽ ይባላሉ። ፀሐይን በዓይን ማየት ይጎዳል ብለው፣ ብርሃኗን በቴሌስኮፑ አሳልፈው ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፉት።

ፀሐይ ወረቀት ላይ ቁጭ አለች! ክብ ናት፤ ፊቷ ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች አሏት።

እትዬ አልጋነሽ በየቀኑ ነጥቦቹን በእርሳስ ይስላሉ። የቅዳሜን የመጨረሻ ነጥብ ግን የሚስለው ሊጎበኝ የመጣ ልጅ ነው። ዛሬ ተራው የትርሲት ሆነ።

ትርሲት ደስ አላት። እግሮቿማ አበዱ። ቱክ ቱክ! ቱክ ቱክ!

ወረቀቱ ላይ ፀሐይ ተንቀጠቀጠች። የእትዬ አልጋነሽ እርሳስ ነጥቡን ሳተ።

መነጽራቸውን ወለወሉ። የቴሌስኮፑን ብሎን አጠበቁ። ቱክ ቱክ! ፀሐይ አሁንም ትጨፍራለች።

በመስኮቱ ግራጫ ደመና ታየ። ደመናው ከቀደማቸው ዛሬ ነጥብ የለም።

ትርሲት ጨነቃት። ሲጨንቃት ደግሞ እግሮቿ ይብስባቸዋል። ቱክ ቱክ ቱክ ቱክ!

ወረቀቱን አየች። እግሮቿን አየች። እግሮቿ ቱክ ሲሉ ጣውላው ቴሌስኮፑን ይነቀንቃል፣ ፀሐይም ትዘላለች፤ ዝም ሲሉ ፀሐይም ዝም ትላለች።

ትርሲት በጣም አፈረች። ደመናው ግን እየቀረበ ነው።

«እትዬ፣ እግሮቼ ናቸው የሚያስጨፍሯት» አለች ቀስ ብላ።

እትዬ አልጋነሽ አልተቆጡም። «እንኳን ነገርሽኝ። በይ አሁን አደብ አስገዢያቸው» አሏት።

ትርሲት ወደ ታች ጎንበስ አለች። «እግሮቼ፣ አደብ ግዙ።»

ግራ እግሯ ትንሽ ሊነሳ ቃጣው። ትርሲት ትንፋሿን ዋጥ አደረገች።

ፀሐይ ቆመች። እትዬ አልጋነሽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነጥብ ሳሉ። አራተኛዋን፣ ትንሿን፣ ትርሲት ጠብ አደረገቻት።

ወዲያው ደመናው ፀሐይን ሸፈናት። ነጥቦቹ ግን ወረቀቱ ላይ ቀሩ።

ማታ አባቷ ብርድ ልብስ አለበሳት። ከግርጌ በኩል፣ ቱክ ቱክ!

አባቷ «እግሮችሽ አደብ ገዝተው አልነበር እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

«አባዬ፣ ፀሐይ እኮ ጠልቃለች» አለች ትርሲት። «አሁን ቢጨፍሩ ማንንም አይነቀንቁም።»

አባቷ ሳቀና ግንባሯን ሳማት። ቱክ… ቱክ… ቱ…

እግሮቿም ተኙ።