ደብዳቤ የሚጠብቁ አባት

የባሕር ተጓዡ እንግዳ ሌናርት ወደ ካሪያኩ ደሴት ወደብ የገባው የጀልባውን የተቀደደ ሸራ አሰፍቶ በሦስት ቀን ሊሄድ ነበር። ስምንት ወር ቆየ። ሸራውን የሰፋችለት ቬርሊን ናት፤ ሥራዋ ነው። አባቷ ሚስተር ኢኖክ ባሕሩ ዳር የእንጨት ጀልባ ይሠራሉ። ሌናርትም ለእሳቸው ሳንቃ እያቀበለ፣ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ዶሚኖ እየተጫወተ፣ ሲያጭበረብሩትም እየሳቀ፣ ሳያስበው የሰፈር ሰው ሆነ። አንድ ቀን ከቤት ከዋለ አሞት ይሆናል ብለው የዓሣ ሾርባ ይልኩለታል።

ፍቅራቸውን ያላየ አልነበረም። እሷ ስትሰፋ እሱ የሸራውን ጫፍ ይዞላት ይቀመጣል። አንዳንዴ ክሩ አልቆ እንኳ ጫፉን አይለቅም፤ እሷም ልቀቅ አትለውም።

በደሴቲቱ ሴት ልጅ የምትጠየቀው በደብዳቤ ነው። ሰውየው በእጁ ይጽፋል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ለአባትየው ያደርሳሉ። ልጅቷ ራሷ ይህን ካነሳች ባል ለመነች ትባላለች። ስለዚህ ቬርሊን የዶሚኖ ጓደኞቹ ይነግሩታል ብላ ጠበቀች። እነሱ ደግሞ እሷ ነግራዋለች ብለው ተዉት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚያ ወደብ ዝምታ ግን ነቀዘ።

የማዕበሉ ወራት አልፎ ነፋሱ ሲስተካከል ሌናርት ፊቱ ጠቆረ፣ ከእሷም መሸሽ ጀመረ። አንድ ማለዳ መልሕቁን ሊያነሳ ሲል የስፌት ሱቋ በር ላይ ቆሞ «ብቆይ ይብስብኛል፤ ደህና ሁኚ» አላትና ሄደ። ምን እንዳጠፋች አልገባትም። ሸራው ከዓይኗ እስኪሰወር ቆማ አየችው። ለካ አልወደደኝም ኖሯል አለች በልቧ።

የዚያኑ ዕለት ቁርስ ላይ ሚስተር ኢኖክ ዳቧቸውን እያላመጡ «ያ ልጅ መጻፍ አይችልም እንዴ?» አሉ።

«ማን?»

«ሌናርት ነዋ። ባለፈው ሳምንት መጥቶ በአፉ ጠየቀኝ። በአፍ ወግ አይሆንምና ምንም አልሰማሁም አልኩት። ይኸው ደብዳቤውን እጠብቃለሁ። ለሽማግሌዎቹ የሚቀመስ እንኳ ገዝቻለሁ።»

ኩባያዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ እሱኮ እንቢ ያልከው መስሎት ነው የሄደው።»

ሮጣ ሱቋ ገባችና የመገናኛ ሬዲዮኑን ከፈተች። ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ የወደቡ ጀልባዎች ሁሉ ሬዲዮ ከፍተው እንዴት አደራችሁ የሚባባሉበት ሰዓት። የምትናገረውን ሁሉም ይሰማል። ነውሩን ዋጥ አደረገችው።

«ሌናርት፣ አባቴ ደብዳቤህን እየጠበቀ ነው።»

ድምፅዋ እሱ ጋ አልደረሰም፤ ርቋል። ያኔ ጀልባቸውን ወደቡ አፍ ላይ ያቆሙት ማዳም ኦዲል መልእክቱን ተቀብለው ራቅ ብሎ ለነበረ ዓሣ አጥማጅ አቀበሉ፤ እሱም ከእሱ ወዲያ ላለች የጭነት ጀልባ። ቬርሊን ጆሮዋን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። ድምፁን ብቻ፣ አንዴ ብቻ ብሰማው ብላ ተመኘች። ሌናርት እንዲህ ናፍቋት አያውቅም።

በመጨረሻ የመጣው የማዳም ኦዲል ድምፅ ነው። «ቬርሊን፣ ስንት ገጽ ልጻፍ ይላል።»

እንባዋ ቀደማት። «አንድ መስመር ይበቃል ይበሉልኝ። ብቻ ይምጣ።»

ተከትለዋት የመጡት ሚስተር ኢኖክ ከኋላዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በማን ሊልክ ነው? ሽማግሌ አለው?»

ቬርሊን ዞር አለች። ሬዲዮኑን ሰምተው የመጡት ዶሚኖ ተጫዋቾች፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በሩን ሞልተው ቆመዋል።

«ሽማግሌዎቹ እዚሁ ናቸው አባዬ» አለች። «የጎደለው እሱ ብቻ ነው።»