ስልኩን ያጠፋሁባቸው ምሽቶች

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ከሚያወሩትም ከሚሰሙትም ወገን አይደለሁም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ጎንደር ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፣ ድምፅ ያለ አየር አይሄድም እያልኩ ስንቱን ተማሪ ሰሌዳ ፊት አቁሜ አስለፍልፌያለሁ፣ ጎረቤቶቼ ከቁስቋም ፍርስራሽ በኩል ሲመሽ የሴት ኮቴ ይሰማል ሲሉኝ እንኳ "የፍየል ነው" ብዬ ነው የማልፈው። እንግዲህ የምነግራችሁ በራሴ የደረሰውን ነው፣ ባታምኑኝ አልቀየምም፣ እኔም ገና አምኜ አልጨረስኩም።

ያ በሽታ ገብቶ ከቤት አትውጡ የተባለበት ጊዜ መቼም አይረሳችሁም። ባለቤቴ መሪጌታ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ማኅሌት የቆሙ፣ ድምፃቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልፎ መንገደኛ የሚያቆም፣ እኔና እሳቸው በብዙ ነገር አንገጥምም፣ መብረቅን እንኳ እሳቸው በሌላ እኔ በሌላ ነው የምናስረዳው፣ የምንገጥመው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ፀሐይ ስትገባ የሠርክ ጸሎት አብረን እናደርሳለን። አንዱን አንቀጽ እሳቸው በግዕዝ፣ ቀጣዩን እኔ በአማርኛ፣ የእሳቸው ሲያልቅ በመቋሚያቸው የጣውላውን ወለል አንዴ ኳ ያደርጉና ዝም ይላሉ፣ ያ ተራሽ ደርሷል ማለት ነው። ተኳርፈን በዋልንበት ቀን እንኳ፣ እመኑኝ፣ ሳንተያይ ተቀምጠን ኳ ሲል እኔ እቀጥላለሁ፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የታረቅነው በዚያው ነው።

ልጃችን መቅደስ ነርስ ናት፣ በሽታውን ይዤባችሁ እንዳልመጣ ብላ ፀዳ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ተለይታን ነበር፣ ምን ዋጋ አለው፣ በሽታው በሌላ በኩል ገባ። መሪጌታን መጀመሪያ ሳል ያዛቸው፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ከአልጋ እስከ ደጅ መሄድ አቃታቸው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከላይ እስከ ታች ነጭ ላስቲክ የለበሱ ሰዎች መጥተው በመኪና ወሰዷቸው፣ ልከተል ብል አይቻልም፣ ልጠይቅ ብል አይቻልም፣ መቋሚያቸውን እንኳ ይዘው መግባት አይችሉም ተባሉና በሩ ጀርባ አቁመውት ሄዱ። ቤቱ እንዴት እንደሰፋብኝ አልነግራችሁም። ሳልሰናበታቸው ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ፣ ከዚያ ሌላ ፍርሃት አልነበረኝም፣ በሽታው እኔን ይያዘኝ አይያዘኝ ትዝም አላለኝ።

በነጋታው መቅደስ ተች ስልክ ይዛ መጣች። እኔ ያቺን ባለቁልፍ ስልኬን ይዤ ለዓመታት "ተች ያዢ" ሲሉኝ እንቢ ያልኩ ሰው ነኝ፣ የሌለ ቁልፍ አልጫንም እል ነበር፣ አሁን ግን መሪጌታን የማየው በእሱ ብቻ ነው ተባለ፣ ምን አደርጋለሁ። ስልኩን በአልኮል ጠራርጋ የግቢው በር አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ወደ ኋላ ሸሸችና አፏን እንደሸፈነች መንገዱ ላይ ቆማ ታስተምረኝ ገባች።

"ምነው እማ፣ አትጫኚው፣ ነካ ነው የሚደረገው።"

"ነካሁት እኮ።"

"በጥፍርሽ አይሆንም፣ በጣትሽ ሥጋ።"

"ይኸው፣ ሰው መሆኔን አላመነም።"

ሳቀች፣ ስትስቅ ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እኔም ያው ሆንኩ፣ ተቃቅፈን እንዳናለቅስ እንኳ መሀላችን የግቢው በር አለ። እንዲህ እንዲህ እያለች እንዴት እንደሚደወል፣ የሰው ፊት እንዴት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚጠፋም አሳየችኝ፣ "ጎኑ ላይ ያለችውን ተጭነሽ ያዢያት፣ ቀይ ክብ ሲመጣልሽ እሱን ንኪው" አለችኝና ሥራዋ ረፍዶባት ሄደች።

ለመሪጌታም ሌላ ስልክ ራስጌያቸው አስቀምጠውላቸው ነበር፣ ከመቅደስ ጋር የምትሠራ ጓደኛዋ ናት ይዛ የምታሳየኝ። የመጀመሪያው ምሽት ፊታቸው ሲመጣ አላወቅኋቸውም፣ የኦክስጅኑ ጭምብል አፍና አፍንጫቸውን ይዞታል፣ ጉንጫቸው ገብቷል፣ ጥምጥማቸው የለም፣ እኔ ደግሞ ያለ ጥምጥም ከመኝታ ቤት ውጪ አይቻቸው አላውቅም። በደከመ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፣ "ጥሩዬ፣ ሠርኩ እንዳይታጎል።"

አሁን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኔ ስልክ ሳላጠፋ ጸሎት ቆሜ አላውቅም፣ ወደ ቅጥሩ ስትገቡ ስልካችሁን አጥፉ እየተባልን የኖርን ሰዎች ነን፣ ቤትም ቢሆን መሪጌታ ከመጀመራቸው በፊት "አጥፍተሻል?" ሳይሉኝ አይጀምሩም። እናም ምሽት ምሽት እደውላለሁ፣ ፊታቸው ይመጣል፣ በጭምብሉ ውስጥ ሆነው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉልኛል፣ ያኔ ጎኑን ተጭኜ ቀዩን ክብ ነካ አደርግና ስልኩን በፊቱ ደፍቼ ነጠላዬ ላይ አስቀምጠዋለሁ። በእኔ ቤት፣ መስመሩ አንዴ ከተያያዘ በኋላ ማጥፋት ማለት ሌላ ደዋይ እንዳይገባብን በሩን መዝጋት ነው። አትሳቁብኝ፣ ፊዚክስ ያስተማርኩት በጠመኔ ነው።

ታዲያ ምን እንድጠረጥር ነው፣ መልስ እየመጣልኝ? ስልኩን ደፍቼ ትንሽ ዝም እላለሁ፣ መሪጌታ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት እህ ብለው ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ ከዚያ አንቀጻቸውን ይጀምራሉ፣ በዚያ በደከመው ድምፅ ሳይሆን በደህናው፣ በማኅሌቱ ድምፅ። ጭምብል ያፈነው ድምፅ አይደለም፣ ከጎኔ የተቀመጡ ነው የሚመስለው፣ እንዲያውም በልቤ ይህ ተች የሚሉት ነገር ለካ ሸጋ ነው፣ በከንቱ ነው የጠላሁት አልኩ። አንቀጹ ሲያልቅ ኳ ይላል። የአልጋውን ብረት በጣታቸው እየመቱ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ግን የብረት ድምፅ አይመስልም ነበር፣ እንጨት ጣውላ ሲነካ ነው የሚመስለው፣ እሱንም ስልኩ ነው የሚለውጠው ብዬ ተውኩት። አንድ ምሽት ደግሞ አንቀጹ መሀል ላይ ቃሉ ሳያልቅ ቀጥ አለ፣ ብዙ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረ፣ እኔም ኔትወርኩን ረግሜ ዝም አልኩ። ጸሎቱ አልቆ ስልኩን ሳነሳው ጨልሟል፣ ጎኑን ስጫነው ትንሽ ቆይቶ ቀለማት እያበራ አንድ ዜማ ያሰማል፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ የሚያደርገው መስሎኝ ነበር።

በዚህ ዓይነት ስንባጅ አንድ ጠዋት መቅደስ ደወለች።

"እማ፣ ማታ ማታ ስልክሽን ምነው ታጠፊዋለሽ? አባባን የምታስታምመው ልጅ፣ ደውለሽ ወዲያው መስመሩ ይቋረጣል እያለችኝ ነው።"

"ማን አቋረጠው? ጸሎታችንን እያደረስን እኮ ነው። በተራ በተራ።"

ቀስ ብላ "ከማን ጋር?" አለችኝ።

"ከአባትሽ ጋር ነዋ።"

"እማ፣ የአባባ ድምፅ ከተዘጋ ሰነበተ። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ውኃ እንኳ በእጃቸው ነው የሚጠይቁት።"

የማደርገውን ነገርኳት፣ ቀዩን ክብ፣ ነጠላውን፣ ሁሉንም። እሷም በትዕግሥት፣ እኔ ሰነፍ ተማሪዬን እንደማስረዳው፣ ስልኩ ከጠፋ ምንም ድምፅ እንደማይመጣ አስረዳችኝ፣ "ጆሮሽ ለምዶት ነው፣ ብቻሽን ስለሆንሽ ነው" አለችኝ። ልክ ናት አልኩ። እኔም ብሆን ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ ይኼንኑ ነበር የምመልስለት።

ያን ዕለት ምሽት ስልኩን አላጠፋሁትም። የመጣው እውነተኛው ድምፅ ነው፣ የመሣሪያ ጲጵ ጲጵ፣ የነርሶች ጫማ፣ በእነዚያ መሀል ደግሞ የመሪጌታ ትንፋሽ፣ አሸዋ ላይ ጆንያ ሲጎተት የሚመስል። ጠበቅኩ፣ እህ የሚል የለም፣ አንቀጽ የለም፣ ኳ የለም። የሁለታችንንም ብቻዬን አነበብኩት፣ ግዕዙን እየተንተባተብኩ፣ መሪጌታ ቢሰሙኝ ያፍሩብኝ ነበር። ሊነጋጋ ሲል መቅደስ ደውላ እያለቀሰች "ብሶባቸዋል እማ፣ ኦክስጅኑ አልበቃ ብሏቸዋል፣ ወደ መተንፈሻው ማሽን ሊያስገቧቸው ነው፣ ዛሬ ካልተሻላቸው እንጃ" አለችኝ።

ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ አላውቅም። ፀሐይ ስትገባ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ደወልኩ፣ ፊታቸው መጣ፣ ዓይናቸው ተከድኗል፣ ራሳቸውን አልነቀነቁልኝም። አሁን በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት፣ ስልኩን ካላጠፋሁት ትንፋሻቸውን እሰማለሁ፣ ምናልባትም የመጨረሻውን፣ ያን ያህል ስፈራው የነበረው ሳልሰናበታቸው መቅረት ነው፣ ካጠፋሁት ደግሞ እሱም ይቀርብኛል። ለምኑ? ጆሮዬ ለለመደው ነገር? አንቺ ሴት አብደሻል እንዴ አልኩ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ጣቴ ግን ጎኑን ተጭኗል። ቀዩ ክብ መጣ፣ ምን እንደማደርግ እያወቅኩ ነካሁት፣ መጥፋቱን እስኪጨልም ድረስ በዓይኔ አየሁ፣ ከዚያ ደፋሁት።

ምንም የለም። የቤቱ ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል፣ ውጪ ውሻ ይጮኻል። ፊቴ እንባ በእንባ ሆኖ ተቀመጥኩ፣ ገደልኳቸው፣ በገዛ እጄ መስመሩን ዘጋሁባቸው እያልኩ ነበር።

እህ አለ። ጉሮሮ ተጠረገ። አንቀጹ ተጀመረ፣ በደህናው ድምፅ፣ አንድም ቃል ሳይሳሳት፣ ሲያልቅም ኳ አለ፣ አሁን ከየት እንደመጣ በደንብ ሰማሁ፣ ከኋላዬ፣ ከበሩ ጀርባ ነው። አልዞርኩም። ተራዬ ነበርና እኔም የእኔን ቀጠልኩ፣ እስከ መጨረሻው አደረስነው። በነጋታው መቅደስ "ማሽኑ ውስጥ ሳይገቡ አደሩ፣ ተሽሏቸዋል" አለችኝ፣ ሐኪሞቹም ምክንያቱን በቅጡ አላወቁትም። ከዚያ ወዲያ አንድም ምሽት ስልኩን ሳላጠፋ አልቀረሁም፣ ለመቅደስ ግን አልነገርኳትም።

መሪጌታ ከስተው፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ቤታቸው ገቡ። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም፣ እስከ ዛሬ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። በገቡበት ቀን ሰው ሁሉ ሲሄድ እጄን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ጥሩዬ፣ እንዲያስገቡሽ በረኞቹን ምን ብለሽ ነው ያሳመንሻቸው?"

"የት?"

"አልጋዬ እግርጌ ነዋ። ማታ ማታ ነጠላሽን ለብሰሽ እየመጣሽ ስታነቢ፣ እኔ አፌ እንቢ ቢለኝ በልቤ ስመልስልሽ። አንድ ምሽት ብቻ ቀረሽብኝ፣ ያን ዕለት አበቃልኝ ብዬ ነበር።"

ቀጥለው "አንድ ቀን እንኳ ጭምብሉን ሊለውጡ ሲነቅሉብኝ አንቀጹ መሀል ላይ ጠፋብኝ፣ ከሥሩ ጀመርኩት፣ ቆመሽ ጠበቅሽኝ" አሉ። ያን የተቋረጠ አንቀጽ እኔ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለመቅደስም፣ ለማንም፣ እመኑኝ።

ፀሐይ እየገባች ነበር። ስልኩን አጠፋሁ፣ ጋቢያቸውን አለበስኳቸውና ፊት ለፊት ተቀመጥን፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ድምፅ የለም፣ እኔም በልባቸው እስኪጨርሱ ልጠብቅ ብዬ ዝም አልኩ። እህ አለ። አንቀጹ በዚያ በድሮው ድምፃቸው ቤቱን ሞላው፣ እሳቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ያዩኛል፣ ሁለቱም እጃቸው ጋቢው ላይ ነው። ከበሩ ጀርባ ኳ አለ።

"ጥሩዬ፣ ማነው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እኔ እንጃ፣ ተራዬ ግን ደርሷል" አልኳቸውና ቀጠልኩ።

እንግዲህ ይኸው ነው። የእሳቸው ድምፅ ከሆነ ለምን ወደ ባለቤቱ አይመለስም፣ ካልሆነስ እኔ በሌለሁበት እግርጌያቸው የቆመችው ማናት፣ ሁለታችንም አናውቅም፣ ለመጠየቅም አልደፈርንም፣ ለማስታጎልም አልደፈርንም። መቅደስ አሁንም ማታ ማታ ስልክሽን ለምን ታጠፊዋለሽ እያለች ትቆጣኛለች፣ ጸሎት ላይ ነን እላታለሁ፣ ስንት ሆነን እንደሆነ ግን አልነግራትም።