ያልጎደለው ብልቃጥ

መምህር ብርሃነመስቀል አልጋቸው ላይ በጎናቸው እንደተኙ ሞተው ተገኙ። ሸሚዛቸው ከአንገት እስከ ወገብ ርሷል፤ አንሶላውም እንዲሁ። በአርባ ምንጭ ሙቀት ሰው ያልበዋል እንጂ እንዲህ በላብ አይታጠብም። ኢንስፔክተር ዘቢደር ዳልጮ ጎንበስ ብላ አፋቸውን አየች። ምላሳቸውን ነክሰውታል። ሐኪሙ ሬሳውን ቀስ ብሎ ገልበጥ አደረገና በቀኝ መቀመጫቸው ላይ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ አሳያት።

«የትናንት ናት» አለ። «መርዝ ነው እንዳልል ምልክቱ የለም። ልብ ነው እንዳልል ደግሞ ይህን ሁሉ ላብ ምን ላድርገው?»

የ2006 ዓ.ም. ሁዳዴ ተጋምሷል። ቤቱ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ነው፤ ግቢው በር ላይ ሲቆሙ ጫሞ ሐይቅ ወለል ብሎ ይታያል። ለቀስተኛው መሰብሰብ ሲጀምር አንዲት ወጣት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ከዘቢደር ፊት ቆመች።

«የወጋኋቸው እኔ ነኝ» አለች። «ሰብሊ እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። ሌላ ሰው አትጠይቁ።»

ጣቢያ ወሰዷት። አዛዡ ነገሩ ያለቀ መሰለው። «አመነች እኮ! በነፍስ ማጥፋት ክሱን አዘጋጂ» አለ።

ዘቢደር አልቸኮለችም። የጋሞ ደጋ፣ የኦቾሎ ሰው ልጅ ናት። በአባቷ አገር ክፉ ነገር ሲደርስ እያንዳንዱ የራሱን ጎሜ፣ ያን የጣሰውን ነውር፣ ፈልጎ ይናዘዛል። አንዱ የጎረቤት ድንበር መግፋቱን፣ ሌላው እናቱን መሳደቡን ያወጣል፤ ሁሉም ያጠፋው እውነት ነው፤ መዓቱን ያመጣው ግን የሁሉም ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ዘቢደር ሰው ሲያምን ስትሰማ መጀመሪያ የምትጠይቀው የቱን ጥፋት እንደሚያምን ነው።

«ምን ነበር የወጋሻቸው?» አለቻት ሰብሊን።

«ለሴት እንዳልናገር አስምለውኛል።»

«አንቺስ ሴት አይደለሽ?»

«እኔ ነርስ ነኝ።»

«እኔም ፖሊስ ነኝ። ቀጥዪ።»

ሰብሊ የጥፍሯን ጫፍ እያየች ተናገረች። «ቴስቶስትሮን ነው፤ የወንድ ሆርሞን። አዲስ አበባ ደማቸው ሲመረመር በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ድካም፣ ጭንቀት፣ ሌላም ሌላም ነበረባቸው። ሐኪም ነው ያዘዘላቸው፤ በየሦስት ሳምንቱ አንድ መርፌ። ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ ወዳጃቸው ጋሽ ረሺድ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነበር የምወጋቸው። ባለቤታቸው እትዬ ውቢት እንዳይሰሙ ብለው።»

«ትናንትስ የተለየ ነገር ነበር?»

«ብልቃጡ አዲስ ነው። መብራት ጠፍቶ ጓዳው ጨልሟል። ጋሽ ረሺድ አቀበሉኝ።» ከዚያ እንደ ማቃሰት አድርጋ፣ «ብልቃጡ ላይ ጽሑፍ አልነበረም፤ ወረቀቱ ተልጧል። መጠየቅ ነበረብኝ። መድኃኒቱ በዘይት የተበጠበጠ ነው፤ እንደ ማር እየተጎተተ ነው ሲሪንጁ ውስጥ የሚገባው። ትናንት ግን ሰተት ብሎ ገባ። ሙቀቱ ያቀጠነው መሰለኝ» አለች።

አንድ ፖሊስ አንገቱን አስገባ። «ምሳ መጥቶላታል። ጋሽ ረሺድ ናቸው የላኩት።»

ሰብሊ ሳህኑን አየችና ፊቷን አዞረች።

ረሺድ የሲቀላ የታወቀ ጅምላ ነጋዴ ነው። ለመምህር ብርሃነመስቀል ከወንድም የቀረበ ወዳጅ ነበር። ዘቢደር ስትገባ በተደረደረ የስኳር ጆንያ መካከል ተቀምጦ ሻይ ያቀዘቅዛል። አንድ ጫኝ ጆንያውን እየተሸከመ፣ «ጋሽ ረሺድ ጣፋጩን ለኛ፣ መራራውን ለራሱ!» ብሎ ቀለደ። ረሺድ ሌላ ጊዜ ይመልስለት ነበር። ዛሬ አልሰማውም።

«ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት?» አለች ዘቢደር።

«ስኳር በሽታ አለብኝ። ስንት ዓመቴ!» ከመሳቢያው ብልቃጥ አውጥቶ አስቀመጠላት። «ይኸው መድኃኒቱ። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ተበላሽቶ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷን ልቀቂያት፤ ልጅ ናት።»

ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳችው። ቢጫ ዘይት እስከ አንገቱ ሞልቷል። የስም ወረቀቱ ከነበረበት ቦታ ሙጫ ብቻ ቀርቷል፤ ሙጫው ላይ ሦስት አራት የአሸዋ ቅንጣት ተጣብቋል።

«የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«እዚሁ መሳቢያ ውስጥ።»

«እግዜር ያጽናዎት» አለችና ወጣች። ረሺድ ብርጭቆውን ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠ።

እትዬ ውቢት ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ ተቀበሏት። የሚጠየቁትን ሳይጠብቁ ጀመሩ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ።

ዘቢደር በልቧ «ሦስተኛዋ» አለች። «እንዴት ገደሏቸው?»

«ሁለት ዓመት እንደ ግድግዳ ሆኖብኝ ኖረ። አይስቅ፣ አይቆጣ፣ አይነካኝ። ከዚያ ባንድ ጊዜ ያፏጭ ጀመር። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። እኔ ደግሞ ልብሱን ሳጥብ ከውስጥ ሱሪው ላይ የዘይት ጠብታ አገኛለሁ፤ ቢታሽ የማይለቅ። የሴት ቅባት ነው አልኩ። ሌላ ቤት አለው አልኩ።»

«የመጨረሻው ቀን ልብስስ?»

«ደም ብቻ ነው። የመርፌ ጫፍ የምታህል ደም። ዘይት የለውም።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ያን ቀን አመሻሽ ላይ ገባ። አልቦታል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሩ ይጎተታል። ጾሙን በመጠጥ ገደፈው ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። እህል እንኳ አላቀረብኩለትም። እሱም ገብቶ ተኛ።»

«ከዚያ በኋላ ሰው መጥቶ ነበር?»

«ረሺድ ብቻ። ለስላሳ ይዞ መጣ። ተኝቷል አልኩት፤ ሲያንኮራፋ እስከ በሩ ይሰማል። ‹ሲነሳ ይጠጣ› ብሎ ጠርሙሶቹን አስቀምጦ ሄደ።»

«ቀስቅሺው አላለም?»

እትዬ ውቢት ትንሽ አሰቡ። «ሊል ነበር መሰለኝ። አፉን ከፈተና ተወው።»

በሣልስቱ ቀን፣ ለቀስተኛው ምሳ ቀምሶ ጋብ ሲል፣ ዘቢደር ረሺድን አስጠራች፤ ሰብሊንም ከጣቢያ አስመጣች። አራቱ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ። ሰብሊ ከበሩ አጠገብ ነው፤ እንግዳ ይሁን እስረኛ ያለየለት ሰው አቀማመጥ ነው።

«ሦስታችሁም ገደልኩ ብላችኋል» አለች ዘቢደር። «ሦስታችሁም ያጠፋችሁት አለ። ግን አንዱ ጥፋት በሌላው ተሸፍኗል። እትዬ ውቢት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መጀመሪያ ዘይቱን ልንገርዎት። ሴት አይደለም፤ መድኃኒት ነው። የወንድነት ሆርሞናቸው አንሶባቸው ሐኪም ያዘዘላቸው መርፌ ነው። መርፌው ሲወጣ ትንሽ ዘይት ያስከትላል፤ እሱ ነው ልብሱን የሚነካው።»

እትዬ ውቢት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«የመጨረሻው ቀን ግን ዘይት የለም። ሰብሊም ሰተት ብሎ ገባ ብላኛለች። እንግዲያው የተወጋው ዘይት አይደለም። ጋሽ ረሺድ የሰጡኝ ብልቃጥ ደግሞ አፍ እስከ ገደፉ ሙሉ ነው፤ ጠብታ አልጎደለም። ሰብሊ ከሱ ብትቀዳ ኖሮ ይጎድል ነበር። ታዲያ ከየትኛው ቀዳች?»

ዘቢደር ብልቃጡን ከኪሷ አውጥታ ፊታቸው አስቀመጠችው።

«ሙጫው ላይ አሸዋ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጓዳውን ፈትሸን እርጥብ አሸዋ የሞላ ማሰሮ አገኘን። በዚህ ሙቀት መብራት እየጠፋ ጋሽ ረሺድ የስኳር መድኃኒታቸውን፣ ኢንሱሊኑን፣ የሚያቀዘቅዙበት ነው፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ጋሽ ረሺድ አዲሱንም መድኃኒት ሙቀት እንዳያበላሸው ብለው እዚያው ከተቱት። ዘይቱ ግን ቅዝቃዜ አይፈልግም። እርጥበቱ የሁለቱንም ወረቀት ላጠ፤ አሸዋው ውስጥ ሁለቱንም አግኝተናቸዋል። በጨለማ እጅ የገባው ኢንሱሊኑ ነበር።»

ሰብሊ ጮኸች። «አንድ ሙሉ ሲሲ! ጾማቸውን ለዋሉ ሰው!»

«ኢንሱሊን የወሰደ ሰው መብላት አለበት። ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ሰካራም ይሆናል፣ ራሱን ይስታል። በጊዜው ግን ጣፋጭ ነገር ያድነዋል።» ዘቢደር ወደ ረሺድ ዞረች። «እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ማንንም ነፍሰ ገዳይ አያሰኝም። አሁን የሚቀረኝ ለስላሳው ነው። እዚህ አገር ለስላሳ ተይዞ የሚኬደው የታመመ ሰው ለመጠየቅ ነው። መምህር መታመማቸውን ያን ሰዓት እትዬ ውቢት እንኳ አላወቁም፤ ሰከረ ብለው ነበር። እርስዎ ማን ነገረዎት?»

ረሺድ ቀና አላለም። «መርፌዬ ነገረኝ» አለ። «ለእራት ልወጋ ብልቃጡን ሳነሳ ውስጡ ዘይት ሆነብኝ። እጄ ቀዘቀዘ። ስልኩን አያነሳም። ለስላሳ ይዤ ሮጥኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውቢት በሩን ከፈተችልኝ። ‹ተኝቷል› አለች። ቀስቅሺው ብላት ለምን ትለኛለች። መርፌ ተወግቷል ብላት የምን መርፌ ትለኛለች። ‹ሚስቴ ከሰማች መሬት ትዋጠኝ› እያለ አስምሎኛል። ከባዱን ነገር በጠርሙስ ላልፈው ፈለግሁ። ሲነሳ ይጠጣዋል አልኩ።» ድምፁ ወረደ። «ማንኮራፋቱን ሰምቻለሁ። ያ ማንኮራፋት ምን እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ ከተማው ውስጥ የለም። እኔን ራሴን ከዚያ እንቅልፍ ሁለት ጊዜ መልሰውኛል።»

«ከዚያ በኋላስ? ልጅቷ ስትታሰር?»

«ምሳ ላክሁላት» አለ ረሺድ፣ እና ይህን ሲል እንባው መጣ።

ሰብሊ አልተቆጣችም። የቆሸሸ ነጠላዋን ታጣጥፋለች፤ መልሳ ትፈታዋለች። ዘቢደር፣ «አንቺ ከዚህ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ» አለቻት። «ስም ከሌለው ብልቃጥ ቀድተሽ ስለመውጋትሽ ሙያሽ ለብቻው ይጠይቅሻል፤ ነፍስ ስለማጥፋት ግን የሚጠይቅሽ የለም።»

እትዬ ውቢት ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

«ቢነግረኝ ኖሮ ምን እለው ነበር?» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ዘቢደርን፣ «እሱን አውቆ ስላልተናገረ ታስሪዋለሽ። እኔ ባሌ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ለኔስ ምን አለሽ?» አሏት።

ዘቢደር ከመቀመጫዋ ተነሳች። ካቴናውን ከኪሷ አወጣች።

ረሺድ አብሯት ሊሄድ ተነሳ። እትዬ ውቢት ግንባሩ ማላቡን አዩ።

«የምሳ መርፌህን ተወግተሃል?»

«ተወግቻለሁ። ሳልበላ ነው የጠሩኝ።»

«ቁጭ በል።»

«ውቢት፣ እኔ እዚህ ቤት...»

«ቁጭ በል አልኩህ!»

ራሳቸው ተነስተው ሄዱና የለቅሶውን ሽሮ በእንጀራ አምጥተው ፊቱ አስቀመጡ። አጠገቡ ተቀምጠው መጀመሪያውን ጉርሻ እስኪያነሳ ጠበቁ። አነሳና ጎረሰ። ዘቢደር ካቴናውን ወደ ኪሷ መልሳ በሩ ላይ ቆመች፤ እስኪጨርስም አንድ ቃል አልተናገረችም።